የሾፌሩ ዳንቴል

ኅዳር 12

ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ጆሮሽን አልጠይቅሽም፤ እሱ ተሽሎት ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ወረቀት ሳናባክን በስልክ እንገላገል ነበር። እኔ ከጣቶቼ በቀር ደህና ነኝ። መልስ ሳልሰጥሽ ወር ያለፈኝ ረስቼሽ አይደለም። አፍሬ ነው።

አዎ፣ በሩን እቆልፋለሁ። መጋረጃውንም እዘጋለሁ። ሳቂ እንግዲህ። ዕድሜውን ሁሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ፣ ረዳቶች ሳሉን ሰምተው ቀጥ የሚሉለት ሰው፣ ሶፋ ላይ እግሩን ሰብስቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ዳንቴል ሲሠራ ቢታይ ሰው ምን ይላል? ባለፈው ሳምንት የድሮ ረዳቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ደንግጬ ዳንቴሉን ከትራስ ሥር ወሸቅኩት። ኪሮሹን ግን የት እንዳደረስኩት አላየሁም። ሶፋው ላይ ቁጭ ስል አገኘሁት። ተቀምጬበት፣ ፊቴን ሳላጨማድድ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ እስኪበቃው አወራሁት። ሲወጣ «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ።

ሌላ ነገር አልሞከርክም ወይ ላልሽው፣ ያልሞከርኩት የለም። ሐኪሙ ጣቶችህ መሪ እንደጨበጡ ደርቀው ሳይቀሩ እጅህን የሚያፍታታ መዝናኛ ፈልግ ሲለኝ መጀመሪያ ጡረተኞች ክበብ ሄድኩ። እዚያ ቼዝ አለ። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ በየቀኑ እያሸነፈ በየቀኑ ሕግ ያስተምረኛል፤ ተውኩት። ዓሣ ማጥመድም ጀምሬ ነበር፤ ትሉን መንጠቆው ላይ መሰካት አንጀቴን በላኝ። ቲማቲም በቆርቆሮ ተከልኩ፤ ውሃ አብዝቼ ገደልኩት። ካረጁ አይበጁ ይሉ የለ። አንቺ ክሩንና ኪሮሹን በሾፌር እጅ የላክሽልኝ ቀን ደግሞ እንደ ልጅነታችን ልትቀልጂብኝ መስሎኝ ተቀይሜሽ ነበር።

አሁን ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ ይለኛል። ኪሮሹ ገብቶ ክሩን ስቦ ሲወጣ፣ ማርሽ ልክ ቦታው ላይ ሲገባ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ይሰማኛል። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ደስ ያለኝ በዚህ ነገር ብቻ ነው፤ ገና ዓመቷ እንኳ አልሞላም። አንዳንዴ ፎቶግራፏን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምሠራው።

የትንሿ ጠረጴዛ ልብስ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ የቀረኝ ዙሪያው ነው። ሦስቱ ማዕዘኖች ዞረውልኛል። አራተኛው ግን አልዞር አለ። ክሩ ይሰበሰብና ጨርቁ እንደ ጀልባ ጥቅልል ይላል። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ደገምኩት። መላ ካለሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ እስከዚያ አቁሜዋለሁ።

ልጄ እሑድ እጮኛዋንና ወላጆቹን ይዛ ትመጣለች። ቤቱን አጽድቻለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ለድንቡሼ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከራዲዮው ቀድሞ ይናገራል።

በመጀመሪያ ማዕዘኑን እንጨርስ። ክሩ የሚሰበሰበው ስለምትስስት ነው። ማዕዘኗ ላይ ስትደርስ በዚያችው ቀዳዳ ውስጥ ሦስቴ ሥራ፣ ሁለት ሰንሰለት ጨምር፣ ከዚያ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሦስቴ ድገም። እንደዚያ ስታደርግ ጨርቁ ለመዞር ቦታ ያገኛል። አንተ ሾፌር አይደለህም እንዴ? ረጅም መኪና ስታዞር ሰፋ አድርገህ አልነበረም የምትይዘው? ክሩንም እንደ ፍሬን አትርገጠው፤ ላላ አድርገው።

ዕድሜዬን ሙሉ ልጃገረዶችን ዳንቴል ሳስተምር እንደ አንተ በር ቆልፎ የሚሠራ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ፎቶግራፏን ማዞርህን ግን አልወደድኩትም። ባለ ማይኳ ሚስትህ በሕይወት ሳለች ሰው ሲስቅ የምትቀየም ሴት አልነበረችም፤ ሞታ ትቀየማለች ብዬ አላስብም። መልሰህ አዙራት።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። ባለፈው ስለ ማዕዘኑ ያን ሁሉ የጻፍክ ሰው፣ በሁለተኛው ደብዳቤህ ስለ እንግዶቹ የነገርከኝ «በደህና መጥተው በደህና ሄዱ» ብቻ ነው። ልጅህ ባል ልታገባ ነው። ሰውየው ጥቁር ይሁን ቀይ፣ እናቱ ታውራ ዝም ትበል፣ አባቱ ይሳቅ ይኮሳተር አልነገርከኝም። ደግሞ ከታች «ሰው ሳያስበው ቢሳሳት ምን ይባላል» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ አንተን ከልጅነትህ ጀምሬ አውቅሃለሁ። ብርጭቆ የሰበርክ ቀን ነበር እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የምትጠይቀኝ።

ምን ሰበርክ?

እህትህ

ታኅሣሥ 11

ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የሰበርኩትን ልነግርሽ ነው፤ ግን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚሰማ ዓይነት። አባቱ ዝምተኛ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የራሷ ሱቅ አላት። ሁሉም ነገር በደህና ነበር የሚሄደው። ሻዩን ራሴ አፈላሁ፣ ልጄ ቀዳች። ዳንቴሉን ጠዋት ቁምሳጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። የሴትየዋን ካፖርት ልሰቅልላት ቁምሳጥኑን ስከፍት ግን ተንሸራቶ ኪሮሹ እንደተሰካበት እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችው። እንደ አንቺው ባለሙያ አይደለች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች።

እትዬ፣ ያኔ «የእህቴ ነው» ብል ኖሮ ሁሉ ነገር ባለቀ። የሚገርመው አንቺ ከነጭራሹ ትዝ አላልሽኝም። የእኔ ነው ለማለት ደግሞ፣ እዚያ ሁለት ወንዶች ተቀምጠው እያዩኝ፣ ምላሴ ድንጋይ ሆነ። «የሟች ባለቤቴ ነው» አልኩ።

ልጄ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የእማዬ? እማዬ እኮ ቁልፍ ሲበጠስባት በስቴፕለር ነበር የምታያይዘው» አለች። ሁሉም ሳቁ። እዚህ ላይ እንኳ አብሬ ስቄ ማምለጥ እችል ነበር። ነገር ግን ውሸታም ላለመባል ብዬ «ታማ ተኝታ ሳለች ነው የለመደችው» አልኩ። ልጄ ሳቋን አቆመች። «ለማን ብላ?» አለች። ምን ልበል? «ላንቺ ነዋ» አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን እንደ ተሳቢ እየጎተተ ሦስት ሆኑ።

እንደምታውቂው እናቷ ስትታመም ልጄ ያለችው ሩቅ ከተማ ነበር። አዲስ ሥራ ገብታ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ ፈቃድ አይሰጡም ነበር። የደረሰችው በቀብሩ ዋዜማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚያ ወራት እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። አሁን ዳንቴሉን ከሴትየዋ እጅ ወሰደችና ጣቷን በጠርዙ ላይ እያስኬደች አራተኛው ማዕዘን ላይ ደረሰች። ክሩ ተንጠልጥሏል። «እዚህ ጋ ነው ያቆመችው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ሳመችው። እናቷ ያረፈችበት ቦታ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳመችው። እኔ ያንቺን ደብዳቤ ስጠብቅ ያቆምኩበትን ቦታ። ልብስ ሰፊዋ አዘነችላትና እኔ እጨርስልሻለሁ ብትላት ልጄ ማንም እንዳይነካው አለች። በሠርጓ ቀን ራሷ ላይ ልታደርገው ወስዳዋለች። የጠረጴዛ ልብስ ነው፣ እትዬ። የትንሽ ጠረጴዛ ልብስ።

የላክሽልኝ መላ ትክክል ይመስለኛል፤ የምሞክርበት ግን የለኝም። ሐፍረቴን የት ልክተት? አንድ ነገር በይኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 26

ለድንቡሼ፤

አይሆንም። አልጽፍላትም። ያንን አስከትለህ የላክኸውን ሁለተኛ ደብዳቤህን ሳነብ በንዴት ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ዳንቴሉን ሠርተህ ማሳመር ሲያቅትህ ውሸቱን እኔ እንድዘመዝምልህ ፈለግክ? «ለእናትሽ በደብዳቤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊላት» ትለኛለህ? እኔ ባለ ማይኳን አንድ ጊዜ ኪሮሽ አስይዣት ነበር፤ እናንተ ከተጋባችሁ በዓመቱ። ጆሮዋን ኮረኮረችበትና መለሰችልኝ። መናኸሪያው ውስጥ በማይክሮፎን «ሰባት ሰዓት መኪና፣ ሰባት ሰዓት መኪና፣ ያልገባችሁ ግቡ፣ የገባችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ» ስትል ያገሩ ውሻ ሁሉ መጮኹን የሚያቆምላትን ሴት፣ አልጋ ላይ ቁጭ አድርገህ ድምፅ የሌላት ዳንቴል ሠሪ አደረግካት። እኔ እንኳ ሳነበው ማን እንደሞተ ግራ ገባኝ።

«የእህቴ ነው» ባለማለትህ ግን በግሌ ተቀይሜሃለሁ። በሕይወት ያለሁት እያለሁ የሞተችው ናት የምትታወስህ?

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ልጅህ ጽፋልኛለች። እንዲህ ነው የምትለው፦ «አክስቴ፣ እማዬ አልጋ ላይ ሆና ይሄን ስትሠራ መቼም ያንቺ ምክር አይጠፋበትም፤ ስትጽፍልሽ ስለ እኔ ምን ትልሽ ነበር?» ሌላ ምንም የለበትም። ከዚያ በታች ያለው ወረቀት ረጥቦ ደርቋል።

መልሼላታለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልነግርህም። ብነግርህ ወይ «ተገላገልኩ» ብለህ ትቀመጣለህ፣ ወይ የእኔን ቃል ይዘህ ሌላ ውሸት ትቀጥልበታለህ። ሂድና በአፍህ ንገራት።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ሆኖ ኪሮሽ መያዝ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የትኛው እንደሆነ አንተ ራስህ ታውቃለህና ደግሜ አልወቅስህም። ክሩን የላክሁት እኔ ስለሆንኩ እኔም ትንሽ አፍሬያለሁ።

እህትህ

ጥር 9

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሞክሬ ነበር። እንዳልሞከርኩ አድርገሽ አትይብኝ።

አሁን ወደዚህ ተዛውራ የተከራየችው ቤት ድረስ ሄድኩ። በአውቶቡስ ስሄድ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳጠና ነበር። «ልጄ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልነግርሽ ነው» ብዬ ነው የምጀምረው። ስደርስ በሩን ከፈተችልኝና አቀፈችኝ። ዳንቴሉን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃዋለች። ተንጠልጥሎ የነበረውን ክር እንዳይተረተር ብላ ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣብቃዋለች። መስታወት ፊት ቆማ ራሷ ላይ አደረገችው። «ያምርብኛል?» አለችኝ። ያምርባት ነበር፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ቧንቧዋ ይንጠባጠብ እንደነበር አየሁ። ጎማውን ቀየርኩላት። የወጥ ቤቱን በር ማጠፊያም ዘይት ቀባሁት። መሸና ተመለስኩ።

ያቃተኝ ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ነኝ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ልጄ ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። አሁን ትስቃለች። ጓደኛዋን በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ «እማዬ እኮ አልተቀየመችኝም፤ ያን ሁሉ ጊዜ እኔን እያሰበች ነበር» ስትላት። ይሄን ከእጇ እንዴት ልንጠቃት? አንድ ሰው በውሸት እንቅልፍ ከወሰደው ቀስቅሶ እውነቱን መንገር ጽድቅ ነው? እስቲ መልሺልኝ። አንቺ ልጅ የለሽም ብዬ አይደለም፤ ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ይሄን መስመር መሰረዝ ነበረብኝ፤ ግን ወረቀቱ የመጨረሻዬ ነው።

ሠርጉ እየደረሰ ነው። ኪሮሹን ካየሁት ቆየሁ፤ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ይሉኛል። ፎቶግራፏን ግን እንዳልሽኝ መልሼ አዙሬዋለሁ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ምን ብለሽ ነው የመለስሽላት? እባክሽ፣ በልጅነታችን ይሁንብሽ።

ወንድምሽ

ጥር 17

ለድንቡሼ፤

ስለ ልጅ የጻፍከውን አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ አለፈ።

አልነግርህም ብያለሁ፤ አልነግርህም።

ለጠየቅከኝ ግን መልሴ አጭር ነው። ልጅህ የተጽናናችው በማታውቃት ሴት ነው። አንድ ቀን ያቺ ሴት እናቷ እንዳልሆነች ይገባታል፤ ያን ጊዜ አንተ ከሌለህ እውነተኛዋን ማን ይነግራታል? እኔ በእነዚያ ወራት አጠገቧ አልነበርኩም። የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ለመሆኑ ባለቤትህ እንዴት ሆና እንደሞተች ለማን ነግረህ ታውቃለህ? ለእኔም እኮ የጻፍክልኝ «ብዙም ሳትሰቃይ አረፈች» ብለህ ነው፤ ልክ እንደ እንግዶቹ፣ በደህና መጥታ በደህና ሄደች።

ክር ልኬልሃለሁ። የምትሠራበት ልብ ስታገኝ ትሠራበታለህ።

እህትህ

የካቲት 15

ለእትዬ፤

እንዴት ነሽ? የላክሽው ስጦታ በሰዓቱ ደርሷል፤ ሙሽሮቹ እጅ ነስተዋል። ስላልመጣሽ ሁሉም ጠየቁ፤ ጉልበቷ ነው አልኳቸው።

ሠርጉ አማረ። ራሷ ላይ ምን አደረገች ላልሽው፣ ምንም። ፀጉሯን ተሠርታ እንዲሁ ነው የወጣችው። አማቷ ዳንቴሉን መፈለጓ እንደማይቀር ስለማውቅ ከሠርጉ ቀደም ብዬ ሱቋ ድረስ ሄጄ እውነቱን ራሴ ነገርኳት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰሙ ነበር፤ እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩና ከጠበቅኩ እንደማልናገረው አወቅኩ። ሴትየዋ መቀሷን አስቀምጣ እጆቼን አየች። «እኔም የታመመ ሰው እጅ አልመሰለኝም ነበር፤ ክሩ በጣም ጠብቋል» አለችኝ። አንደኛዋ ደንበኛ በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ባልየው ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ መንገድ ድረስ ሸኘኝና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ለእጅ ቁርጥማት በእርግጥ ይረዳ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይረዳል አልኩት።

ይሄ የጠየቅሽኝ ነው። አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሙሉ ልብሴን ከላውንደሪ አምጥታልኝ መጣች። ዳንቴሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ የትም ስትሄድ አትለየውም። በአውቶቡስ ያጠናሁትን ቃል አንዱንም አላገኘሁት። «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። አትቀልድ አባዬ አለችኝ። መሳቢያውን ከፍቼ ኪሮሹንና አንቺ የላክሽውን ክር አወጣሁና ፊቷ ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ። ጣቶቼ ለመፍታታት ጊዜ ወሰደባቸው። ስሠራ ቀና ብዬ አላየኋትም። ሳቋ ሲቆም ሰማሁት።

«እዚህ ጋ ያቆምከው አንተ ነህ?» አለች።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ማዕዘኑ አልዞር ብሎኝ ነው። ከአክስትሽ መልስ እየጠበቅኩ ነበር።»

እሱን ቦታ በየቀኑ እየሳመች እንደምትተኛ ነገረችኝ። እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «እማዬን እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል አለበስካት» አለችኝ። ከዚህ የሚብስ ነገር ብትናገረኝ ይቀለኝ ነበር።

ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እዚያው፣ በተሠራለት ጠረጴዛ ላይ። ልኩ ነው። ከዚያ «ታዲያ እማዬ ምን ትሠራ ነበር?» አለች። አንቺ ለደብዳቤዋ የመለስሽላት «አባትሽን ጠይቂው» የሚል አንድ መስመር ብቻ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምራ ልትጠይቀኝ ትፈልግና ትፈራ ነበር። እኔ ቧንቧዋን ስጠግን እሷም ከኋላዬ ቆማ ቃል ታጠና ነበር ማለት ነው።

ነገርኳት። እናቷ ሥቃዩ ሲጠናባት እንደምትሳደብ ነገርኳት። ዜና አንባቢውን «ድምፅህን ከሆድህ አውጣው» እያለች እንደምትቆጣው፣ ነርሷ መርፌ ልትወጋት ስትመጣ «የመጨረሻ ጥሪ» ብላ በመናኸሪያ ድምፅዋ እንደምትጮኽና ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መርፌውን እንደምታስቀምጥ ነገርኳት። በመጨረሻው ድምፅዋ መጥፋቱንና በጣቷ ብቻ ታዘኝ እንደነበር ነገርኳት። ሁሉንም። ለአንቺም ያልጻፍኩልሽን። አንዳንዱ ላይ ሳቀች፣ አንዳንዱ ላይ ፊቷን አዞረች። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?»

«ሁልጊዜ ትመርቅሽ ነበር» ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ያህል ቀላል ነበር መሰለሽ። አንድ ልጅ ይሄን ከመስማት ሌላ ምን ትፈልጋለች? ዋጥኩት።

«ተቀይማሽ ነበር» አልኳት። «በየስልኩ ‹በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ› ትያት አልነበር? ስልኩን ስትዘጋ ‹በሚቀጥለው ሳምንት የምትባል መኪና ከዚህ መናኸሪያ ተነሥታ አታውቅም› ትል ነበር።»

ልጄ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀች ነው፤ ከዚያ ሁለቱም ሆነ። «እሷ ናት» አለች። «አባዬ፣ እሷ ናት። ይሄ እማዬ ናት።» ደጋግማ ይሄንኑ አለች። ሌላስ ምን አለች ብላ ያዘችኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድምፅዋ ከመጥፋቱ በፊት ያለችኝ ነው። «ልጅቷ ስትመጣ ወዲያው እንዳትከፍትላት። ትንሽ ደጅ ትቁም። ከዚያ ክፈትላት» ነው ያለችኝ። ልጄ የደረሰች ቀን ግን ቤቱ በለቅሶተኛ ተሞልቶ በሩ ወለል ብሎ ነበር። ደጅ ያስቆማት ማንም የለም። ይሄንንም ነገርኳት።

ተነሥታ ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው።

ተቆጥታ የሄደች መሰለኝ። ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ነው፣ ዳንቴሉም ጠረጴዛው ላይ። ልከተላት ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ በበሩ ሥር የጫማዋን ጥላ አየሁ። አልሄደችም። ቆማለች። ከዚያ ቀስ ብላ አንኳኳች።

እጄ እጀታው ላይ ነበር። እትዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ተሳፋሪ ደጅ ላይ አስቁሜ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን የከበደኝ የለም። ለራሴ ብሆን ወዲያው በከፈትኩ። ግን የባለቤቴ ትእዛዝ ነውና ቆምኩ። በወዲያ በኩል ስታለቅስ ይሰማኛል፤ እኔም በወዲህ በኩል እንደዚያው። እናቷ «ይበቃል፣ ተቀጥታለች» የምትልበትን ያህል ጠበቅኩ።

ከዚያ ከፈትኩላት።

ወንድምሽ